የጉድጓዱ ክዳን

እኔ ሥራዬ ጉበት ማንበብ ነው፤
በግ ኑሮውን የሚነግረኝ፣ ሞቶ፣ ሆዱን ስከፍተው።
ከለገጣፎ ማዶ፣ አስፋልቱ ኮረኮንች በሚሆንበት፣
ቄራችን አለች፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ቧንቧ፣ ሁለት መስቀያ ያለባት።

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፣ ጋወኔን ደርቤ በሹራብ ላይ፣
ቢላዬን በጉበቱ መሐል አሳልፌ፣ የውሃ ቋጠሮ ሳይ፣
ነጭ፣ እንደ ዓሣ ዓይን የፈጠጠ፣ ሲነኩት የሚርገፈገፍ፣
ሐምራዊ ማኅተሜን አነሣለሁ፣ "ውድቅ" ብዬ ልጽፍ።

ውድቅ የተባለ የት ይወድቃል?
ይህን እንኳ ማን ይጠይቃል።
ከጀርባ ጉድጓድ አለን፣ አፉ ክፍት፣ ክዳን የሌለው፤
አቶ ወጋየሁ "በሚቀጥለው በጀት" ካሉ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ተኩላዋን መጀመሪያ ያያት ደቻሳ ነው፣ ዘበኛው፤
"ውሻ መሰለችኝ" አለ፣ "ግን ውሻ እንዲህ አያፍርም፣ ሰው ሲያየው።"
ጅራቷ ገመድ ሆኗል፤ ከወገቧ በታች ጸጉር የለም፤
እከኩን ከኮንዶሚኒየሙ ውሾች ነው የተበደረችው፤
ወለዱ ሲበላት ያድራል፤ አያልቅም።
ብርድ ሲጠናባት ትመጣና ጀርባዋን ከጄኔሬተሩ ታስጠጋለች፤
ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ አብራ ትንቀጠቀጣለች።
ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ትወርዳለች። የጻፍኩትን ከነቀለሙ
ትውጠዋለች፤ ያለፈም የወደቀም፣ ለራብ አንድ ነው ጣዕሙ።

ሲፈን የምትባል ተማሪ መጣች፣ ከቢሾፍቱ፣ ጓንት አጥልቃ፤
ዓይነ ምድሯን በወረንጦ ለቀመች፣ እንደ ምስር ጠጠር፣ ተጠንቅቃ።
"ጋሼ፣ እዩት" ብላ በማይክሮስኮፕ ብታሳየኝ፣
ክብ፣ ቡናማ፣ ከአቧራ የደቀቀ ዕንቁላል ታየኝ።
"ከእሷ ሆድ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ፣ ከበግ ወደ እርስዎ ቢላ።"
"ከእኔስ ቢላ?" አልኳት።
ጉድጓዱን አየች፤ ቃል አልጨመረችም ሌላ።

አባቴ ኮሶ ይጠጣ ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በየሁለት ወሩ፤
ትሉም ኮሶ፣ ዛፉም ኮሶ፤ በሽታና መድኃኒት በአንድ ስም ሲጠሩ።
ዛፎቹ እዚህ ነበሩ። አሁን ካርታ አለ፣ ችካል፣ ጂ ፕላስ ሁለት፤
ማን ይወቅጥላታል ለተኩላ? ማንስ አፍንጫዋን ይይዝላት?

ጥቅምት ላይ ደቻሳ ጎኑን ያዘ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት አምጥቶ፣
"አንተ ጉበት ታውቅ የለ" አለኝ፣ ፊቱ በሳቅ ግማሽ ፈክቶ።
አየሁት። ሺህ ጊዜ ያየሁት ቋጠሮ ነው፤ ጥቁር ክብ፣ ጠርዙ ነጭ፤
እጄ ኪሴ ውስጥ ማኅተሙን ጨበጠ። ይኸው ነኝ እኔ፣ ፈላጭ ቆራጭ።
ከተኩላዋ ይሁን ከቄራው ውሻ፣ ከጎመን ይሁን ከእጁ፣ ማን ያውቃል?
ትል መንገዱን አይናገርም፤ ቤት ሲያገኝ ብቻ ይታወቃል።
የቀዶ ጥገናው ወረፋ ለግንቦት ነው አሉት።

በገዛ ደመወዜ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ገዛሁ፤
ፌሮውን እሱ አጠፈው፣ እየቆመ፣ እየተነፈሰ፤ እኔ አሸዋ ነፋሁ።
ሲመሽ አርማታውን ሞላን። አቶ ወጋየሁ መኪናቸው ውስጥ ሆነው
"ደረሰኝ አለው?" አሉ። የለውም አልኩ። ሄዱ፣ መስተዋቱን ዘግተው።

ሌሊት መጣች። መብራት ነበር፤ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል። ስታሸት፣ ስትዞር ሰማኋት፤
ጉድጓዱ የለም። ከትሉ ጋረድኳት፤ ለራቧ ግን ምን ሰጠኋት?

ጠዋት ወጥቼ አየሁ፤ ባልደረቀው አርማታ ላይ፣ መሐል ለመሐል፣
አንድ የእግር ዱካ፣ አራት ጣት፣ ጥፍሩ ሳይቀር ታትሞ ይታያል።
ቀለም የለው፣ ቀን የለው። ደቻሳ ጎኑን ይዞ፣ ቀስ
ብሎ፣ በእጁ ሊለስነው ሲያጎነብስ፣
"ተወው" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስገባ፣ ረግጬው አላልፍም፤ እዞራለሁ።
ጉበት የማነብ ሰው፣ ይቺን አንዲት ቃል ገና አላነበብኳትም፤
እሞክራለሁ።